ስለ ላስታ ሀገር ዜማና ስለ ተቀባዮቹ

የአንድ አገር ሕዝብ የአባቶቹን ታሪክ በሦስት ነገር ይጠብቃል፤ በድንጊያ፥ በብራና፥ በድምፅ። ድንጊያ ዝናምና ፀሐይ እየተፈራረቁበት እንኳ ብዙ ዘመን ይቆማል። ብራናም ብልና እሳት ካላገኘው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ድምፅ ግን ከአፍ በወጣበት ሰዓት ይጠፋልና፥ ሊኖር የሚችለው ሌላ ሰው ተቀብሎ የመለሰው እንደ ሆነ ነው። ስለ ላስታ ድንጊያ ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፤ ስለ ብራናውም ሊቃውንት መርምረዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ድምፁ ጥቂት ነገር መጻፍ ይገባናል።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንዲት ቃል እንመልከት። በአማርኛችን ተቀባይ የሚባለው ሁለት ዐይነት ሰው ነው። አንደኛው እንግዳን ወይም ስጦታን የሚቀበል ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሲወጣ አዝማቹን አንሥቶ የሚመልስ ነው። የላስታን በዓል ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያስተውላል። በዚያ አገር ዜማን የሚቀበል ሰው፥ እንግዳን በደጁ እንደሚቀበል ባለቤት ነውና። በበዓሉ ስፍራ ሰሚ ብቻ ሆኖ የሚቆም የለም። ካህኑ ለካህን፥ አዝማሪው ለባለግጥሙ፥ ላሊበላው ለባለቤቱ፥ ልጃገረዲቱም ለጓደኞችዋ ታወጣለች፤ እነርሱም ይመልሳሉ። ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ቢጠፋም የሚጠፋው ተቀባዩን ያጣ ዕለት ነው።

ስለ አገሩ

ላስታ በሰሜን ወሎ የምትገኝ ደጋ አገር ናት። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በራስጌዋ ይታያል፤ ላሊበላ ከተማም በ2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የከተማዪቱ የቀድሞ ስም ሮሃ ነበረ። የዛሬ ስምዋን ያገኘችው በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከዛጔው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ ነው። ስለ ንጉሡ ስም የሚነገረው ታሪክ፥ በተወለደ ጊዜ ንቦች ቢከቡት እናቱ «ንቦች ንግሡን ዐወቁ» ስትል በአገውኛ እንዲህ ብላ ሰየመችው ይላል።

ከቋጥኝ ተፈልፍለው የቆሙት 11 አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ባያቸው ጊዜ እጅግ ተደነቀ፤ በመጽሐፉም ከዚህ የበለጠ ቢጽፍ የሚያምነው እንዳያጣ መስጋቱን ገለጸ። በ1970 ዓመተ ምሕረትም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ነገር ግን በበዓል ቀን ወደዚያ የወረደ ሰው፥ የድንጊያው ግርማ እኩሌታው ብቻ እንደ ሆነ ያውቃል። የቀረው እኩሌታ በዙሪያው ከቆሙት ሰዎች አፍ የሚወጣው ነው።

በቤተ ማርያም ዙሪያ

ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ሁለት ልደት በአንድነት ይከበራል፤ የጌታችን ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት። ለዚህ በዓል ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከሸዋ ምእመናን ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም ስንቃቸውን ተሸክመው የብዙ ቀን መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ። ሌሊቱ በማሕሌት ያድራል። በነጋም ጊዜ ቤዛ ኵሉ ይባላል።

የቤዛ ኵሉ ሥርዐት እንዲህ ነው። ቤተ ማርያም በተፈለፈለ ግቢ ውስጥ ትገኛለች፤ ግቢዋን የከበበው ቋጥኝም እንደ ግንብ ቆሟል። በዚህ ቋጥኝ አፋፍ ላይ ማሜ ጋራ በሚባለው ስፍራ ካህናቱ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፥ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በረድፍ ይቆማሉ። ሌሎቹም ከታች በግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት ምሳሌ፥ ከታች ያሉት የእረኞችና የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ከበሮው ሲመታ ከላይ ያሉት ዝቅ ከፍ እያሉ ያዜማሉ፤ ከታች ያሉት ይቀበላሉ። ሰማይና ምድር በአንድ ቀን መታረቃቸውን የሚያስረዳው ይህ መቀባበል ነው። ከሁለቱ ወገን አንዱ ዝም ቢል ምሥጢሩ ይጐድላል።

የዜማውም መሠረት በ6ኛው ምዕት ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ ዜማዎች ከርሱ እንደ ተገኙ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በፊደል ላይ እንዳቆሙ ይነገራል። ነገር ግን ምልክቱ አስታዋሽ ነው እንጂ አስተማሪ አይደለም። ተማሪው ድጓን የሚማረው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነው። መጽሐፉን በእጁ የያዘ፥ ዜማውን ግን ከሰው ያልተቀበለ፥ ዝም ካለው ብራና ፊት ዝም ብሎ ይቆማል።

ከላስታ ጎረቤት ያለው ዋድላም በቅኔ ቤቱ የታወቀ አገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲቀርብ ባለቅኔው የሚለውን፥ ዜማ ዐዋቂው ተቀብሎ በዜማ ያሰማለታል። አንዱ ቃሉን ይወልዳል፥ ሌላው ያሳድገዋል። ይህንን ልብ እንበል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስንወጣ በሌላ መልክ እናገኘዋለንና።

ስለ አዝማሪውና ስለ መሰንቆው

አዝማሪ የሚለው ስም ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ መዝሙርና ዝማሬ ከሚሉትም ጋር ወንድማማች ነው። ስሙ የከበረ ሲሆን ባለ ስሙ ግን ብዙ ዘመን የተናቀ ሆኖ ኖሯል። በሠርግ፥ በግብርና በጠጅ ቤት ያለ እርሱ ደስታ አይሞላም፤ ነገር ግን ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር የሚወድድ ጥቂት ነበረ። ጌቶች አንደበቱን ይፈሩት ነበር፤ በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ሊወቅሳቸው ይችላልና። ዘማቾችም ያለ እርሱ መዝመት አይወድዱም ነበር፤ በጦር ሜዳ የፈራውን የሚያደፋፍርና የሠራውን በስሙ ጠርቶ የሚያስታውስ እርሱ ነውና።

የእጁ መሣሪያ መሰንቆ ነው። አራት ማዕዘን ካለው ከእንጨት ገበቴ ይሠራል፤ ገበቴው በፊትና በኋላው ቁርበት ይለበሳል፤ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ አውታር ብቻ አለው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው፤ ድምፅ እንዲያወጣም ዕጣን ወይም ሙጫ ይታሻል። በዚህ አንድ አውታር ላይ አራቱን ቅኝት ይጫወታል፤ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልን፥ አንቺ ሆዬን። ከአራቱ ሁለቱ ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አንደኛው የገበያ ከተማ፥ ሁለተኛው የተራራ አገር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘፋኝ በየትም ስፍራ ሆኖ ቅኝቱን ሲጠራ ሳያስበው የወሎን ምድር ስም ይጠራል።

አሁን ስለ ተቀባይ ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በአዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ግጥም ሲመጣለት «ተቀበል!» ብሎ ይጮኻል። አዝማሪውም ሰውየው የሰጠውን ግጥም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜምለታል። ስለዚህ ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ ሳይሆን የቤቱም ነው። አንዱ ለወዳጁ፥ አንዱ ለጠላቱ፥ አንዱም ለሞተ ወንድሙ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ሁሉን ባንድ ዜማ ያስተሳስራል። በዋድላ ቅኔ ቤት ባለቅኔውና ዜማ ዐዋቂው የሚያደርጉት በጠጅ ቤትም ይደረጋል ማለት ነው። ካህናት ከዘፈን ስፍራ እንዲርቁ ሥርዐታቸው ያዝዛል፤ የቦታውና የአሳቡ ልዩነትም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ አገር ሰው አእምሮ የተወለዱ መሆናቸውን ታሪክ ጸሓፊ ሊደብቀው አይገባውም።

በጎሕ ስለሚመጡት

ስማቸው ከንጉሡና ከከተማዪቱ ስም ጋር አንድ የሆነ ሌሎች ዘፋኞችም አሉ። ላሊበሎች ይባላሉ፤ በአንዳንድ አገርም ሐሚና የሚል ስም አላቸው። እነዚህ ሰዎች መሰንቆም ክራርም አይዙም። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ፀሐይ ሳትወጣ በሰው ደጅ ይቆማሉ። የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ። ከዚያም በኋላ ወንዱ ቃሉን ይደረድራል፤ ሴቲቱ ቃል የሌለውን ዜማ ከሥሩ ታነጥፍለታለች። ተኝቶ የነበረው ባለቤት ስሙን፥ የልጁን ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የሙያውን ምስጋና በዜማ ሲሰማ ይነቃል። እንጀራ፥ ልብስ ወይም ገንዘብ ቢሰጥ ይመረቃል። ቢዘገይ ግን ስድቡም ከዚያው አፍ ይወጣል።

ስለ እነርሱ በሕዝብ ዘንድ የቆየ ወሬ ነበረ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥተው ካልዘፈኑ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። ዛሬ ሥጋ ደዌ ከዘር ወይም ከእርግማን የሚመጣ ሳይሆን፥ በዐይን በማይታይ ሕዋስ የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ወሬውን እንደ ወሬ መያዝ፥ ዘፋኞቹንም ከንቀት ማዳን ይገባል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባሉት አሜሪካዊት የዜማ ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ስለ ላሊበሎች ጽሑፍ አውጥተዋል። የውጭ አገር ሰው በብዙ ድካም የመረመረውን እኛ በደጃችን ሲመጣ መስኮት ዘግተን እንድናሳልፈው አይገባም።

በዚህም ዘፈን ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ላሊበላው ስሙን የሚያነሣለት ሰው በሩን ከፍቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ መቀበል በሁለቱም ትርጓሜ ይፈጸማል። ባለቤቱ ዘፈኑን ይቀበላል፤ ዘፋኙ ስጦታውን ይቀበላል፤ ባለቤቱም እንደ ገና ምርቃቱን ይቀበላል።

ስለ አሸንድየ

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 15 ቀን ይፈጸማል። በማግሥቱ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የዕርገትዋ በዓል ሲሆን፥ በላስታ የልጃገረዶች ቀን ይጀምራል። ይህ በዓል በላስታ አሸንድየ፥ በዋግ ሻደይ፥ በራያ ቆቦ ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስሙ የአንድ ሣር ስም ነው። በክረምቱ መጨረሻ የሚለመልመውን ረጅም ቄጠማ የመሰለ ሣር ልጃገረዶቹ ነቅለው በወገባቸው ያስሩታል፤ ሲጫወቱም ሣሩ እንደ ቀሚስ ይወዛወዛል። ጠጕራቸውን ይሠራሉ፥ ዐይናቸውን ይኳላሉ፥ ጌጣቸውን ያደርጋሉ፥ ከበሮአቸውንም ይይዛሉ። አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። እንዲህ እያሉ ቀናት ያሳልፋሉ።

ስለ በዓሉ አመጣጥ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ይነገራል። አንዳንዶች እመቤታችን ባረገች ጊዜ መላእክት በዝማሬ ማጀባቸውንና ደናግል መደሰታቸውን ያስታውሳል ይላሉ። ሌሎች ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ያያይዙታል። ሌሎችም በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን፥ የእስራኤል ቆነጃጅት በየዓመቱ የዮፍታሔን ልጅ ለማሰብ መውጣታቸውን ይጠቅሳሉ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ የልጃገረዶች ነው። በሌላው ጊዜ በታላላቆች ፊት ዝም እንድትል የምትመከረው ልጅ፥ በዚህ ቀን በየደጁ ከፍ ባለ ድምፅ ታወጣለች። ጓደኞችዋ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ለጋሱን ታመሰግናለች፤ ንፉጉን ትነካካለች፤ ማንም አይቈጣትም። የተሰጣቸውንም አጠራቅመው በኋላ ባንድነት ይደሰቱበታል።

ይህ በዓል ትምህርት ቤትም ነው። ታናሺቱ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከኋላ ሆና ታጨበጭባለች፤ በሁለተኛው አዝማቹን ታነሣለች፤ ጥቂት ዓመት ቈይታ ከበሮ ትይዛለች፤ በመጨረሻም አውጪ ትሆናለች። አውጪ የሆነች ሁሉ አስቀድማ ተቀባይ የነበረች ናት። ያገቡት ሴቶችም በደጃቸው ቆመው የሚሰሙት፥ ትናንት እነርሱ ራሳቸው ያወጡት የነበረውን ዘፈን ነው። ስለዚህ ልጅቱ ቃል ብትስት የሚያርማት ሰው በየደጁ አለ።

ወደ መድረክ ስለ መውጣት

በድሮ ዘመን በእነዚህ ሁሉ ዜማዎች ዘንድ መድረክ የሚባል ነገር አልነበረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ ግን፥ ያገር ቤት ዘፈን ከፍ ባለ ወለል ላይ ቆሞ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሕዝብ መሰማት ጀመረ። ከዚያም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግብጻዊው የዜማ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን መሠረተ። ይህ ቡድን መሰንቆን፥ ክራርን፥ ዋሽንትን፥ በገናንና ከበሮን ባንድነት አሰለፈ። ነገሩ አዲስ ነበረ፤ እረኛው ዋሽንቱን በመስኩ፥ አዝማሪው መሰንቆውን በግብሩ፥ ባለ በገናው በጾም ወራት በጓዳው ለብቻ የሚጫወቱ ነበሩና። በኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መራ። ቻርልስ ሳተን የተባለ የሰላም ጓድ አሜሪካዊም ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተምሮ ከእነርሱ ጋር ተጫወተ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በብዙ ከተማ ታየ።

በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ በወሎም የላሊበላን ስም የያዘ ቡድን ነበረ። ብዙ ዘፋኞች በእነዚህ ቡድኖች ሠልጥነዋል፤ የወሎ ቅኝትም በእነርሱ ምክንያት በኢትዮጵያ ሁሉ ተሰምቷል። በእኛም ዘመን ሻደይ፥ አሸንድየና ሶለል በአንድነት እየተጠሩ በአደባባይ፥ በድምፅ ማጉያና በቴሌቪዥን ፊት ይከበራሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነገር አምጥቷል። የተናቀው አዝማሪ አርቲስት ተብሎ ተከበረ። የሩቅ አገር ሰው የላስታን ዜማ ዐወቀ። ነገር ግን መድረኩ አንድ ነገር ለይቷል፤ ባንድ ወገን የሚዘፍኑት፥ በሌላው ወገን የሚሰሙት ሆነዋል። አውጪውም ተቀባዩም ከመድረኩ ላይ ወጡ፤ ከታች የቀረው ሕዝብ ሥራው ማጨብጨብና በስልኩ ምስል ማንሣት ሆነ። ልጃገረዲቱም የጎረቤትዋን ስም በማንሣት ፈንታ፥ አስቀድሞ የተጠናውን ቃል ለማታውቀው ሰው ታሰማለች።

ስለ ሌላ ተራራ አገር

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቅ አፓላችያ የሚባል ረጅም የተራራ አገር አለ። በዚያ የሰፈሩት የስኮትላንድና የአየርላንድ ሰዎች ቫዮሊናቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎችም ባንጆ የሚባለውን መሣሪያ ከአገራቸው አሳብ አመጡ። ቫዮሊንን ብዙ ሰባክያን የዲያብሎስ ሣጥን እያሉ ይነቅፉት ነበር፤ በኛም አገር መሰንቆው የደረሰበትን ነቀፌታ ያስታውሰናል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ቢል ሞንሮ የተባለ የኬንተኪ ሰው ብሉ ግራስ ቦይስ ብሎ የሰየመውን ቡድን አቆመ። ብሉ ግራስ የአገሩ ሣር ስም ነው፤ በኋላም የዜማው ስም ሆኖ ቀረ። እነሆ፥ በላስታም በኬንተኪም ሰው ጨዋታውን በሣር ስም ጠራው።

በ1965 በቨርጂንያ ፊንካስል በሚባል ስፍራ ለብሉግራስ ብዙ ቀን የሚቆይ የመጀመሪያው በዓል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው በዓል በብዙ አገር ተስፋፋ። በነዚህ በዓላት ሊታይ የሚገባው በመድረኩ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። የመጣው ሕዝብ የራሱን መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ዝነኞቹ በመድረክ ሲጫወቱ፥ የቀረው በየድንኳኑና መኪና በሚቆምበት ሜዳ ክብ ሠርቶ እስከ ሌሊት ድረስ ይጫወታል። አንዱ ዜማውን ያነሣል፥ ሌላው ተራውን ይቀበላል፤ ሽማግሌው ከልጁ ጋር፥ ዐዋቂውም ከጀማሪው ጋር ይቀላቀላል። በዓሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲሻገር ያገዘው በድንኳኖቹ መካከል የሚደረገው ይህ ጨዋታ ነው።

ስለ መከራው ዘመን

የላስታ ዜማ ጥንካሬም ድካምም በቅርቡ ተፈትኗል። በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ ጎብኚ ከላሊበላ ቀረ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ሰው ሁሉ ተቸገረ። በ2013 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ከተማዪቱ በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። የዚያ ዓመት ነሐሴ 16 ቀን በጦርነት ውስጥ ዋለ። እስከ 2014 ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ድረስ ከተማዪቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች።

ውጊያው ከከተማዪቱ ከራቀ ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ታኅሣሥ 29 ቀን ደረሰ። የእግር መንገደኞች በብዙ ሺህ ሆነው መጡ። ካህናቱም እንደ ወትሮው ከላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ አሉ። የባሕር ማዶ ጎብኚ እንደ ቀድሞው አልበዛም፤ ተቀባዩ ግን አልቀረም። ከ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ሌላ ውጊያ ለአገሩ ዳግመኛ ጭንቀት አመጣ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። ለጎብኚ ብቻ የተዘጋጀ ዜማ ጎብኚ በቀረ ጊዜ ይቆማል። መቀባበል ያለበት ዜማ ግን መንገድ ቢዘጋ፥ መብራት ቢጠፋ፥ ማጉያው ቢሰበርም ሁለት ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ መድረኩ ይፍረስ አንልም። ድምፅ ማጉያውም ይጣል አንልም። የሩቅ ሰው ቢሰማን ክብራችን ነው፤ ዘፋኙም ከሙያው እንጀራ ቢበላ ፍርድ ነው። ነገር ግን በዓሉን የሚያሰናዱ ሰዎች ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፥ ነሐሴ 16 ቀን ልጃገረዶቹ ወደ አደባባይ ከመጠራታቸው በፊት በየሰፈራቸው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩበት ጊዜ ይተውላቸው፤ ዘፈኑ የሚማረው በደጅ ነውና። ሁለተኛ፥ አዝማሪ በመድረክ ላይ ሲቆም «ተቀበል!» የሚል ሰው እንዲሰማ ሕዝቡ ወደ እርሱ ይቅረብ፤ ግጥም የሚሰጠው ያጣ አዝማሪ ያለፈውን ዓመት ግጥም ይደግማልና። ሦስተኛ፥ ድምፁን በመሣሪያ የሚቀርጽ ሰው የአውጪውን ብቻ አይቅረጽ፤ የተቀባዮቹንም፥ የጭብጨባውንም፥ ከደጃፍ የምትመልሰውንም ባለቤት ድምፅ ይቅረጽ፤ ያለ እነርሱ የተቀዳው ዘፈን እኩሌታ ነውና።

የላስታን ድንጊያ ከዝናም ለማዳን በቤተ መቅደሶቹ ላይ ታላላቅ መጠለያ ተሠርቷል። ለዜማው ግን መጠለያው ሰው ነው። እናት አዝማቹን ለልጅዋ ካላቀበለች፥ ልጅም ካልተቀበለች፥ ማንም ባለሙያ በማናቸውም ገንዘብ ሊያድሰው አይችልም። እንግዲህ ከበሮ በደጃችን ሲመታ የሰማን እንደ ሆነ፥ ወጥተን እንቀበል።